ፓኬቱ ላይ የተጻፈው 12.8፦ የአምፕሊፋየሬ ተርማል ፓድ ከስምንት ወር በኋላ

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሸክላውን ገልብጬ መርፌውን ካሳረፍኩ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁለቱም ስፒከሮች ዝም አሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ራሱ ተመልሶ መሥራት ጀመረ፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ግን ያው «ጠቅ» ተደገመ። የመከላከያው ሪሌ፣ ማለትም አደጋ ሲኖር ስፒከሮቹን የሚያቋርጠው ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሥራውን እየሠራ ነበር። ሶኬቱን ነቅዬ፣ ክዳኑን አንስቼ፣ በግራ ቻናል በኩል ስፒከሩን የሚነዳውን የኃይል ትራንዚስተር ፊት በጣቴ ጫፍ ነካ ባደርገው እጄን ሳላስበው ሰበሰብኩ፤ ትራንዚስተሩ የታሰረበት፣ ሙቀቱን የሚበትነው የአሉሚኒየም ብረት (ሂትሲንክ) ግን ሞቅ ከማለቱ በቀር መዳፍ የሚያባርር አልነበረም። ይህ ልዩነት ብቻውን ጥፋተኛውን ጠቆመኝ። በትራንዚስተሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ያለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባለፈው ጥቅምት በውድ ዋጋ ገዝቼ፣ በገዛ እጄ ቆርጬ የገጠምኩትና ስምንት ወር ሙሉ ለሰማኝ ሁሉ ያሞገስኩት ተርማል ፓድ፣ ማለትም ሙቀት አሻጋሪ ለስላሳ ንጣፍ ነው።

ስለ መሣሪያው በአጭሩ ልናገር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራ፣ ክላስ ኤቢ በተባለው የተለመደ አሠራር የሚሠራ፣ ባለ ሁለት ቻናል የቤት አምፕሊፋየር ነው፤ የኃይል ትራንዚስተሮቹ ከዓመታት በፊት በጥገና ተቀይረው፣ በየቻናሉ ጠጋኞች ሁሉ በቁጥራቸው የሚያውቋቸው አንድ 5200 እና አንድ 1943 ተገጥመውበታል። ድምፁ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ቅሬታዬ ሙቀቱ ላይ ነበር፤ ለሙቀቱ መድኃኒት ብዬ በገዛሁት ነገር ላይ ደግሞ አሁን ከቅሬታ አልፎ ቂም ይዣለሁ።

የእነዚህ ትራንዚስተሮች የጀርባ ብረት ከእግሮቻቸው አንዱ ከሆነው ከኮሌክተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በእኔ መሣሪያ ላይ ከሂትሲንኩ አንጻር አርባ ቮልት ያህል ይሸከማል፤ በ5200 በኩል ፖዘቲቭ፣ በ1943 በኩል ኔጋቲቭ። አራቱም የሚታሰሩት በአንድ አሉሚኒየም ላይ ስለሆነ፣ በመካከል የሚገባው ነገር ኤሌክትሪክን የሚከለክል፣ ሙቀትን ግን የሚያሳልፍ መሆን አለበት፤ ሁለቱን ጠባይ አጣምሮ የያዘ ዕቃ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። የድሮው መፍትሔ ማይካ ነው፦ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ማዕድን፣ በሁለቱም ፊቱ ነጭ የሙቀት ቅባት የሚቀባ። በእኔም መሣሪያ ውስጥ የነበረው ይኸው ነው፤ ቅባቱ ግን በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። በዚያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ የደረቀውን ጠርጎ አዲስ መቀባት ብቻ ነበር።

ሱቅ ውስጥ ባየሁት ፓኬት ላይ ግን በትልቁ 12.8 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ዕቃው ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙን በዋት በሜትር በኬልቪን የሚገልጽ ነው፤ የማይካው ከ0.6 ብዙም አይርቅም። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ሲያካፍልልኝ ሃያ አንድ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። «የኔ ወንድም፣ ማይካ እኮ የአባቶቻችን ዕቃ ነው። ይኼ ለኮምፒውተር ጌም ካርድ የሚሠራ ነው፤ የሚቀባ የለ፣ የሚያቆሽሽ የለ፣ ቆርጠህ መለጠፍ ብቻ» አለኝ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በሂሳብ አልታማም ብዬ የምመካው ሰውዬ፣ ያንን ሃያ አንድ እጥፍ እንደ ሎተሪ ዕጣ በኪሴ ይዤ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

ያላሰብኩት ውፍረቱን ነው። ሙቀት በመንገዱ ላይ የሚገጥመው እንቅፋት የሚታወቀው የዕቃውን ውፍረት በማስተላለፍ አቅሙና በስፋቱ በማካፈል ነው። ከመሣሪያው ያወጣሁት ማይካ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የገዛሁት ፓድ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር፤ ይህም ሃያ እጥፍ ማለት ነው። ሃያ አንድ እጥፍ የተሻለ ዕቃ ሃያ እጥፍ ወፍሮ ሲመጣ ትርፉ የት አለ? የ5200 ጀርባ አምስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው ብለን ብናሰላው፣ የማይካው እንቅፋት በአንድ ዋት 0.17 ዲግሪ፣ የፓዱም 0.16 ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ይህም ፓኬቱ ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነና ፓዱ ሁለቱንም ብረት ያለ ክፍተት ከነካ ነው። ይህን ለማስላት አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ለእውነት ያህል፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። የምለካው በጥንቃቄ ነው፦ ስፒከሮቹን ነቅዬ በምትካቸው ባለ 8 ኦም ትልልቅ ሬዚስተሮች አስሬ፣ የ1000 ኸርዝ ድምፅ ለግማሽ ሰዓት እለቅበታለሁ። የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው አልከፍተውም፤ የክላስ ኤቢ ትራንዚስተር ይበልጥ የሚግለው፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሙሉ ኃይሉን ሲያወጣ ሳይሆን ከሙሉ ኃይሉ አርባ በመቶ አካባቢ ሲሠራ ነው፤ በእኔ መሣሪያ በዚያ ልክ እያንዳንዱ ትራንዚስተር 20 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል። በደረቀው ቅባት ሂትሲንኩ 52 ዲግሪ፣ የግራው ትራንዚስተር ፊት 71 ዲግሪ ነበር፤ በአዲሱ ፓድ ሂትሲንኩ እዚያው 52 ሆኖ ትራንዚስተሩ ወደ 66 ወረደ። አምስት ዲግሪ! በዚያ ምሽት ያላወቅኩት፣ አዲሱን ዕቃ ከአዲስ ጋር ሳይሆን ከሞተ ጋር ማወዳደሬን ነው።

በሰኔ ያንኑ ልኬት ስደግመው የግራው ትራንዚስተር 78 ዲግሪ ደረሰ፤ ይህም ከኖራው ቅባት የባሰ መሆኑ ነው። ብሎኑን ልፈታ ካቻቢቴውን ሳስገባ ግማሽ ዙር ያህል ያለ ምንም ኃይል ዞረ፤ በጥቅምት በደንብ ያጠበቅኩት ብሎን ነው። ትራንዚስተሩን ሳነሳው ጉዳዩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ይህ ትራንዚስተር የሚታሰርበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከላይ በኩል ይገኛል፤ ሙቀቱ የሚወለድበት የሲሊከን ቁራጭ ግን ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ፣ ወደ እግሮቹ አቅጣጫ ነው የተቀመጠው። ፓዱ ለስላሳ ስለሆነ በብሎኑ ሥር ተጨፍልቆ እንደ ወረቀት ስስቷል፤ ከታች በኩል ግን ወፍራም እንደ ሆነ ቀርቶ ትራንዚስተሩን እንደ ሚዛን አጋድሎታል። ሙቀቱ መውጣት በሚገባው ቦታ ላይ ጫና የለም፤ ጫናው ያለው ሙቀት በሌለበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ ከፓዱ የወጣው የሲሊኮን ዘይት በዙሪያው ተንጠፍጥፎ የበጋውን አቧራ ሁሉ ስለ ሰበሰበ፣ የፓዱ ጠርዝ ከቡናማ ጭቃ ጋር አንድ ሆኗል። «የሚያቆሽሽ የለ» የተባልኩት ይህንን ነው።

ሻጩ አሁን በፊቴ ቢቆም የሚለኝን አውቀዋለሁ። «በደንብ አላጠበቅከውም» ይለኛል። አጥብቄዋለሁ፤ ባጠበቅኩት ቁጥር በብሎኑ ሥር ያለው ይበልጥ ይሸሻል፣ ከታች ያለው ይበልጥ ይነሳል፤ ማጥበቅ ለዚህ ዕቃ መድኃኒቱ ሳይሆን በሽታው ነው። «እንግዲያው ባለ ግማሽ ሚሊ ሜትሩን መግዛት ነበረብህ» ይለኛል። ይህኛው ነጥብ አለው፤ እንቅፋቱን በግማሽ ይቀንሰው ነበር፤ ግን ልስላሴው ያው ነው፤ ደግሞስ ስልኩን አውጥቶ ሲያካፍል ውፍረቱን ለምን አላካፈለም? ሌላው ሱቅ ደግሞ «ግራፋይት ውሰድ፣ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል» ብሎኝ ነበር። ያንን ባልቀበል እግዚአብሔር ጠብቆኛል፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና፣ ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አርባ ቮልት በአንድ አሉሚኒየም ላይ አገናኝቶ፣ መሣሪያውን ባበራሁ ቅጽበት በጥሩ ዕድል ፊውዙን፣ በመጥፎ ዕድል ሌላውንም ሁሉ ይዞብኝ ይሄድ ነበር።

ሪሌው ለምን እንደ ተቆረጠ የገባኝ ግን ሙቀቱን ብቻ በመለካት አይደለም። በእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር ውስጥ የኃይል ትራንዚስተሮቹ ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ የሚያልፍባቸውን መነሻ ጅረት የሚቆጣጠር አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አለ፤ እሱም የሙቀቱን ወሬ የሚሰማው ከሂትሲንኩ ነው። ትራንዚስተር አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ለመከፈት የሚፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ያህል ስለሚቀንስ፣ ትንሹ ተቆጣጣሪ ይህን እያየ ቮልቴጁን ይቀንስላቸዋል። ፓዱ ሲበላሽ ግን ሂትሲንኩ ቀዝቃዛ፣ ትራንዚስተሩ ትኩስ ይሆናል፤ ተቆጣጣሪውም «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ዝም ይላል። በ0.22 ኦም ሬዚስተር ላይ 10 ሚሊቮልት፣ ማለትም 45 ሚሊ አምፔር ያህል አድርጌ ያስተካከልኩት መነሻ ጅረት፣ ድምፁን ባቆምኩበት ቅጽበት ስለካው በግራው ቻናል 24 ሚሊቮልት ሆኖ አገኘሁት፤ ከ100 ሚሊ አምፔር በላይ ማለት ነው። ጅረቱ ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ጅረት ይጨምራል፤ ይህ አዙሪት ዝም ቢባል መጨረሻው የተቃጠለ ትራንዚስተር ነው። ፓድ ቀይሮ መነሻ ጅረቱን እንደገና ሳይለካ ክዳኑን የሚዘጋ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል፤ በየጊዜው መለካት የነበረበትም እንደኔ ያለ ለስላሳ ፓድ የገጠመ ሰው ነው።

ሌላም ያሳፈረኝ ነገር አለ። በሦስቱም ልኬቶች የሂትሲንኩ ሙቀት 52 ዲግሪ ላይ ቆሞ እንደነበር አስተውሉ። ፓድ የቱንም ያህል ቢሻሻል ሙቀቱን ከትራንዚስተሩ ወደ አሉሚኒየሙ ያሻግራል እንጂ ከአሉሚኒየሙ ወደ ክፍሉ አያወጣውም፤ ስለዚህ «ፓድ ቀየርኩና ሂትሲንኩ ቀዘቀዘ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ለካ ብዬ እጠይቃለሁ። ያንን የሚያወጣው አየር ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለሆነ፣ ፋብሪካው መሣሪያውን ከነደፈበት የባሕር ዳርቻ አገር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት ያነሰ ነው። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ቀና ብዬ መሣሪያውን ሳየው፣ የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎቹን ሸፍኖ እናቴ የሠራችው ዳንቴል በክብር ተዘርግቶበታል። አነሳሁት። ሂትሲንኩ ከ52 ወደ 46 ወረደ፤ በአቅራቢያው ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትልልቅ ካፓሲተሮችም አብረው ተነፈሱ፤ ለእነሱ የአሥር ዲግሪ ለውጥ ዕድሜን በእጥፍ የሚጨምር ወይም በግማሽ የሚቀንስ ነገር ነው። በነጻ የተገኘው ስድስት ዲግሪ በገንዘብ ከተገዛው አምስት በለጠ። ዳንቴሉ አሁን ቴሌቪዥኑ ሥር ነው፤ እናቴ ግን ጉዳዩን በስሌት ለማስረዳት ያደረግኩትን ሙከራ እስካሁን አልተቀበለችውም።

ወደ ማይካ ተመለስኩ። አራቱንም ገዝቼ፣ ከአንድ ትንሽ ቱቦ ነጭ ቅባት ጋር ተደምሮ፣ የፓዱን ዋጋ አንድ አሥረኛ አልሞላም። የሂትሲንኩን ቀዳዳዎች ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ እዚያ ላይ የምትቀር አንዲት የብረት እሾህ ማይካን ትሰነጥቃለች፣ ለስላሳ ፓድንማ ትበሳዋለች። ቅባቱን ከሥሩ ያለው እስኪታይ ድረስ አሳስቼ ቀባሁ፤ ወፍራም ቅባት ራሱ እንቅፋት ነውና። አሰርኩ፣ አሞቅኩ፣ ሲበርድ እንደገና አጠበቅኩ። ከማብራቴ በፊት በእያንዳንዱ ኮሌክተርና በአሉሚኒየሙ መካከል በመልቲሜትር ፈተሽኩ፤ ግንኙነት የለም። ዳንቴሉን ለልኬቱ ሲባል መልሼ አልብሼው ሳሞቀው፣ ሂትሲንኩ 52፣ የግራው ትራንዚስተር 62 ሆነ። ዳንቴሉ ሲነሳ 56።

ፓዱ ጨርሶ ከንቱ ነው አልልም። በላፕቶፕ ውስጥ በቺፕና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል ክፍተት ሲኖር፣ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተሠራ ነው፤ እዚያ በራሱ በፓዱ ውስጥ የሚያልፍ ብሎን የለም፣ አርባ ቮልትም የለም። በእኔ አምፕሊፋየር ውስጥ ግን ለመሙላት የሚጠብቅ ክፍተት አልነበረም፤ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ነበሩ፣ ክፍተቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ሥራ የሚገዛው ሰው ቢጠይቀኝ አትግዛ እለዋለሁ፤ ከማይካ የተሻለ ካስፈለገው የአሉሚና ሴራሚክ አለ፣ የማስተላለፍ አቅሙ 25 አካባቢ ነው፣ አይጨፈለቅም፤ ሲታሰር ከተጋደለ ግን ይሰነጠቃልና እጁ ቀላል ይሁን።

ከገዛሁት የፓድ ገበታ ግማሹ ተርፎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ፓኬቱ ላይ ያለው 12.8 መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ያየኛል። ትናንት ማታ መነሻ ጅረቱን ደግሜ ለካሁት፤ በሁለቱም ቻናል 10 ሚሊቮልት ነው፣ ብሎኖቹም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በጥቅምት ክዳኑን አንስቼ እንደገና አያቸዋለሁ።