ረጅም ዘንግ በቶርኖ ላይ፦ ሴንተር፣ ቋሚ ደጋፊ ወይስ ተከታይ ደጋፊ?

ተክለ ሃይማኖት አካባቢም ሆነ መርካቶ ውስጥ ቶርኖ ቤት ያለው ሰው ረጅም ሥራ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የወፍጮ ዘንግ ነው፣ የውኃ ፓምፕ ዘንግ ነው። ወፍጮው የቆመበት ባለቤት በር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። በዚህ ጥድፊያ ዘንጉን በቻክ (ብረቱን ነክሶ በሚያዞረው መያዣ) ብቻ አስነክሶ ማሽኑን ማስነሳት ቀላል ይመስላል፤ አደጋው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ለዚህ ሥራ የሚገዙት ዕቃዎች ሦስት ናቸው፦ ሴንተር፣ ቋሚ ደጋፊና ተከታይ ደጋፊ። ሴንተር፣ ማለትም የዘንጉን ሌላ ጫፍ የሚደግፈው ሹል ብረት፣ ከሌለ ሥራውም የለም። ከሴንተሩ ቀጥሎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ካለዎት ግን ቋሚ ደጋፊውን ይግዙ፤ ስቴዲ ሬስት የሚባለውን ማለቴ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብረቱ ጠባይ ነው። አንድ ጫፉ ብቻ የተያዘ ዘንግ ርዝመቱ እጥፍ ቢሆን፣ በዚያው የመቁረጫ ግፊት 8 እጥፍ ይጎብጣል። ውፍረቱ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ 16 እጥፍ። ስለዚህ በሙያው የተለመደው መለኪያ ይህ ነው፦ ከቻክ የወጣው ርዝመት የውፍረቱን 3 እጥፍ ካለፈ ጫፉ በሴንተር ይደገፍ፤ 10 እጥፍ ካለፈ መካከሉም ደጋፊ ይፈልጋል። 40 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.2 ሜትር ርዝመት ያለው የወፍጮ ዘንግ 30 እጥፍ ነው።

እንዲህ ያለውን ዘንግ አንድ ጊዜ በሴንተር ብቻ ደግፌ ቀረጽኩት። በካሊፐር ስለካው ሁለቱ ጫፎች 40 ልክ ሆኑ፤ መካከሉ 40.2። ብረቱ መሐል ላይ ከመቁረጫው እየሸሸ ነበር። ያን ዕለት በስንፍና ያተረፍኩትን ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ከፈልኩት፤ በሚዞር ዘንግ ላይ በእጅ መፈተግ ደግሞ ራሱ አደጋ ነው፤ እጅጌ ይይዛል።

ሴንተር ሲገዙ ኩሽኔታ ያለውን፣ ከሥራው ጋር የሚዞረውን ይምረጡ። የማይዞረው ርካሽ ነው፤ ልክነቱም ጥሩ ነው፤ ግን ግራሶ ካነሰው ጫፉ ይቃጠላል። የሚዞረውን ገበያ ላይ ሲይዙት ጫፉን በአውራ ጣት ወደ ጎን ይግፉት፤ ትንሽ እንኳ ከተወዛወዘ ይመልሱት። ሴንተሩ የሚሰካበት የማሽንዎ የኋላ ራስ የሾጣጣ ቀዳዳው ልክ ሞርስ 3 ይሁን ሞርስ 4 አስቀድመው ይወቁ። አንድም ነገር አይርሱ፦ ያ 1.2 ሜትር ዘንግ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ስለዚህ በሥራው መካከል ሴንተሩን ላላ እያደረጉ መልሶ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

ቋሚ ደጋፊው በማሽኑ አልጋ ላይ በብሎን ይታሰራል፤ ዘንጉን በሦስት ጣት ያቅፋል። ከሌሎቹ የሚለየው ሴንተሩ ተነሥቶ እንኳ የዘንጉን ጫፍ ለማስተካከልና ለመብሳት ማስቻሉ ነው። ጉድለቱ መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ሠረገላ በላዩ ማለፍ አለመቻሉ ነው፤ ግማሹን ቀርጸው ዘንጉን ያገላብጣሉ። ጣቶቹ የሚያርፉበት ቦታ አስቀድሞ ለስለስ ብሎ መቀረጽ አለበት። ማሽኑ ቆሞ አንድ በአንድ ያስጠጓቸው፤ እንዲነኩት እንጂ እንዲገፉት አይደለም። ፑሌጃውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ ላይ ግን ፈጽሞ አያሳርፏቸው፤ ቦዩ ጣቱን ይዞ ይነቅለዋል።

የጣቶቹ ጫፍ ሁለት ዓይነት ነው። ነሐስ ያለው ዘይት ይጠይቃል፤ ፍጥነትም አይወድም፤ ሲያልቅ ግን በቀላሉ ይቀየራል። ኩሽኔታ ያለው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የብረት ፍርፋሪ ከሥሩ ገብቶ ዘንጉ ላይ ይታተማል። ለአንድ ለአንድ ጥገና ሥራ ነሐሱን እመርጣለሁ፤ 40 ሚሊሜትሩን ዘንግ በደቂቃ 240 ዙር ገደማ ስናዞረው ነሐሱ ይበቃዋል።

ተከታይ ደጋፊው በሠረገላው ላይ ተጭኖ ከመቁረጫው ጋር አብሮ ይጓዛል። ቀጭን ዘንግ ላይ ከዳር እስከ ዳር የብሎን ጥርስ ለሚያወጣ ሰው የሚተካከለው የለም። ውፍረቱ ደረጃ በደረጃ ለሚለያይ ዘንግ ግን አይመችም፤ የወፍጮና የፓምፕ ዘንግ ደግሞ አብዛኛው እንዲያ ነው። ጥርስ የማያወጡ ከሆነ ይቆይዎ።

ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ደጋፊዎቹ አብረው መኖራቸውን ሳያዩ ዋጋ አይነጋገሩ። ከሌላ ማሽን የመጣ ደጋፊ የአልጋው ቅርጽና ከአልጋው እስከ ዘንጉ መሐል ያለው ከፍታ ካልገጠመ ብረት ብቻ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልዎት ከማሽኑ አልጋ ላይ አስቀምጦ ያሳይዎት።

ከቻኩ ኋላ የሚወጣውን ብረት ደግሞ የትኛውም ደጋፊ አያድነውም። አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ 16 ሚሊሜትር ቀጭን ብረት ቻኩን ከሚያዞረው የፊት ራስ ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ወጥቶ ሳለ ፍጥነት ጨመሩበት። በቅጽበት ታጥፎ እንደ ጅራፍ ግድግዳውን መታ። ሰው በዚያ በኩል ባለመቆሙ ዳነ። ይህን ለመከላከል ምንም መግዛት አያስፈልግም፦ ብረቱን ከማሽኑ እንዳያልፍ አሳጥሮ መቁረጥ፣ ካልሆነም ከፊት ራሱ የመሐል ቀዳዳ ጋር ልክ ትይዩ የሆነ የውኃ ቧንቧ በጠንካራ እግር ላይ አበይዶ ከወለሉ ጋር ማሰር ነው።