ሲምቫስታቲን፣ አቶርቫስታቲን ወይስ ሮሱቫስታቲን? የኮሌስትሮል መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥተው ሁለት ካርቶን ከፊቴ አስቀመጡ። አንደኛው ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸው ሊፒተር ነው፤ ሁለተኛው እዚሁ አዲስ አበባ የተገዛ አቶርቫስታቲን። «ልጄ፣ ይኼን ጠዋት፣ ያንን ማታ እውጣለሁ። ግን ሰሞኑን ጭኔን ያመኛል» አሉኝ። የአሜሪካውን ካርቶን አዙሬ ከትልቁ ስም ሥር በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ አቶርቫስታቲን ይላል። «እማማ፣ ሁለቱም እኮ አንድ መድኃኒት ነው» ስላቸው ደነገጡ።

ስለዚህ ከዋጋውም ከብርታቱም በፊት ያንን ደቃቅ ጽሑፍ ይፈልጉ። ዞኮር ሲምቫስታቲን ነው፤ ሊፒተር አቶርቫስታቲን፤ ክሬስተር ደግሞ ሮሱቫስታቲን። ሦስቱንም ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚያመርቷቸው ለታወቀው ስም ብቻ ብለው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ሦስቱም ጉበት ኮሌስትሮል እንዳያመርት የሚገቱ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቁጥሩ ነው። «የጎረቤቴ 40 ነው፣ የእኔ 10፤ የእኔ ደካማ ነው» የሚል ደንበኛ አላጣም። 10 ሚሊ ግራም ሮሱቫስታቲን ግን ከ20 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን ጋር ተቀራራቢ ነው፤ 40 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲንን ደግሞ በጥቂቱ ይበልጣል። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወይም ስትሮክ ደርሶበት መጥፎውን ኮሌስትሮል በግማሽ ማውረድ ለሚያስፈልገው ሰው የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 80 ሚሊ ግራም አቶርቫስታቲን፣ አለዚያም ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ሮሱቫስታቲን ነው። ሲምቫስታቲን እዚያ አይደርስም። 80 ሚሊ ግራሙ ጡንቻ ስለሚጎዳ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር ከልክሏል።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያላቸው ጠባይ ነው። እዚህ አገር የደም ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አምሎዲፒን ይወስዳል። ከአምሎዲፒን ጋር ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ክላሪትሮማይሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ወይም ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ጨርሶ አይወስድም። አቶርቫስታቲንም ከእነዚህ ጋር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ግን የተሻለ ይቻላል። ሮሱቫስታቲን ከአብዛኞቹ ጣጣዎች ነፃ ነው። ሆኖም አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስዱት ሮሱቫስታቲኑን ከዋጡ ከ2 ሰዓት በኋላ ይሁን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ የደም መርጋት ምርመራውን በቶሎ ይድገም።

ኩላሊት ከተጎዳ ምርጫው ይገለበጣል። ሮሱቫስታቲን ኩላሊቱ በጣም ለተዳከመ ሰው በ5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ ከ10 አያልፍም፤ አቶርቫስታቲን ግን በዚህ ምክንያት መጠኑ አይቀነስም።

በሰዓት በኩል ሲምቫስታቲን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ማታ ይዋጣል። ሌሎቹ ሁለቱ ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ጠዋትም ማታም ይሆናሉ፤ ሦስቱም ምግብ አይጠብቁም። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም መጠን መዝለል አያስፈልግም፤ ማታ መዋጥ ይበቃል።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስድና ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ሐኪሙን ስለ ሮሱቫስታቲን ይጠይቅ፤ ኩላሊቱን የሚያመው ስለ አቶርቫስታቲን። ሲምቫስታቲን መጠነኛ ቅነሳ ለሚበቃው ሰው እንጂ ለሌላው አልመርጠውም። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት የትኛውንም ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትንገር። ጡንቻዎ አለምክንያት ከታመመና ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ደምዎን ያስመርምሩ። ቁጥሩ ወረደ ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ ተመልሶ ይወጣል።

ለእኒያ እናት ሐኪማቸው ጋር ደወልን። ሐኪሙ የጡንቻና የጉበት ምርመራ አዘዙ፤ ከዚያም አንዱን ብቻ ማታ ማታ እንዲወስዱ ነገሯቸው። የአሜሪካውን ካርቶን የማብቂያ ቀኑን አብረን አየን። በላስቲክ አስረው፣ የአገር ቤቱ እስኪያልቅ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።