ትራንስፈርማርኬት፦ ከአገር አገር ለሚዞር አጥቂ የተሠራ ገጽ

የኳስ ውጤት የሚነግር አፕ ሞልቷል። የተጫዋችን ሕይወት ለማንበብ ግን እስካሁን ከትራንስፈርማርኬት፣ የተጫዋቾችን ዝውውርና የዋጋ ግምት ከሚመዘግበው ድረ ገጽ፣ የተሻለ አላገኘሁም። ነፃ ነው፤ ስልክ ላይም ይሠራል። ማስታወቂያ ይበዛበታል፣ አማርኛ የለውም። ማትያስ ዛይድል የሚባል ጀርመናዊ በ2000 የጀመረው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2008 ትልቁ የጀርመን የሚዲያ ድርጅት አክሴል ስፕሪንገር 51 በመቶውን ገዛው። ዛሬም ቢሆን ብዙ መረጃ የሚያቀብሉት ኳስ የሚወዱ ተራ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚከፍተው የሀላንድን ወይም የምባፔን ዋጋ ለማየት ነው። ለእነሱ ግን ብዙም አያስፈልግም፣ ታሪካቸውን ሁሉም ያውቀዋል። ጥቅሙ የሚታየው ስድስት ወር እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ እያለ እንጀራውን ለሚያበስል አጥቂ ነው።

ኡራጓያዊውን አጥቂ ሴባስቲያን አብሬውን ክፈቱ። ስሙ ካልመጣላችሁ ፔናልቲው ይመጣላችኋል። የ2010ሩ የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ፣ ጋና ከኡራጓይ። የኡራጓዩ ሱዋሬዝ ኳሷን ከጎል መስመር ላይ በእጁ መለሳት፣ የጋናው ጂያን ፔናልቲውን ከአግዳሚው ጋር አላተመው፣ ከዚያ በመለያ ምት የመጨረሻዋን ለመምታት አንድ ጸጉረ ረጅም 13 ቁጥር መጣ። አፍሪካ በሙሉ በረኛው እንዲያድናት ሲለምን እሱ ኳሷን ከሥር ነካ አድርጎ መሃል ላይ ጣላት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ሰውዬው ያን ጊዜ 33 ዓመቱ ነበር፤ ያን የመሰለ ምት ከሁለት ወር ተኩል በፊት ለብራዚሉ ቦታፎጎ ፍላሜንጎ ላይ መትቶ ዋንጫ አስገኝቷል። ገጹን እያያችሁ ስትወርዱ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

የዝውውር ታሪኩ አያልቅም። ከኡራጓዩ ዴፌንሶር ይጀምራል፣ ወደ አርጀንቲናው ሳን ሎሬንዞ ይሻገራል፣ በ1998 የስፔኑ ዴፖርቲቮ ላኮሩኛ ይገባል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። ገጹ ውሰትን፣ ማለትም ለጊዜው ለሌላ ክለብ መሰጠትን፣ በሁለት መስመር ነው የሚጽፈው፤ አንዱ ሲሄድ፣ አንዱ ውሰቱ አልቆ ሲመለስ። ስለዚህ የላኮሩኛ አርማ እየደጋገመ ይመጣል፤ ወደ ብራዚሉ ግሬሚዮ፣ ተመለሰ፤ ወደ ሜክሲኮው ቴኮስ፣ ተመለሰ፤ ወደ ሳን ሎሬንዞ፣ ተመለሰ። ብዙ ያልተጫወተበት ክለብ ገጹን ሞልቶታል። አሠልጣኙ የማይፈልገው፣ ክለቡም በቀላሉ የማይለቀው ተጫዋች ኑሮ ምን እንደሚመስል ከዚህ በላይ ያሳየኝ ጽሑፍ የለም። አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቆም ይታየኛል፣ ቁጥር እያነበብኩ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ሜክሲኮ ነው፤ ክሩዝ አዙል፣ ክለብ አሜሪካ፣ ዶራዶስ፣ ሞንቴሬይ፣ ሳን ሉዊስ፣ ቲግሬስ። ዶራዶስ እያለ፣ በ2006፣ የቡድን ጓደኛው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ፔፕ ጓርዲዮላ። ቡድኑ ግን ከመውረድ አልዳነም። በ2008 ቤይታር ኢየሩሳሌም ገብቷል፤ እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች ታስታውሱት ይሆናል። ከዚያ ሪያል ሶሲዬዳድ፣ የግሪኩ አሪስ፣ ብራዚል፣ ኢኳዶር፣ ፓራጓይ፣ ኤልሳልቫዶር፣ ቺሊ። በ2017 መጨረሻ ለቺሊው አውዳክስ ኢታሊያኖ ሲፈርም 26ኛ ክለቡ ነበርና በጊነስ መዝገብ ሰፈረ። እዚያም አላበቃም። በ2021 በ44 ዓመቱ ሲያቆም በ11 አገሮች ተጫውቷል።

ገጹ የማይነግራችሁ ለምን እንደሆነ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በዓመት ሁለት አጫጭር ሊጎች ስላሉ በየስድስት ወሩ ሻምፒዮን ይወጣል፤ ተጫዋችም በየስድስት ወሩ ቢቀየር ማንም አይደንቀው። ይህን ያላወቀ ሰው ዝርዝሩን አይቶ «ይሄ ልጅ የሚረጋ አይደለም» ይላል። ፍርደ ገምድልነት ነው።

በራሳችን ልጅም ሞክሩት። ሳላዲን ሰዒድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወጥቶ በግብፁ ዋዲ ደግላ፣ በቤልጂየሙ ሊርስ፣ በ2014 ደግሞ በአል አህሊ፣ ከዚያ በአልጄሪያው ኤምሲ አልጀር ተጫውቶ ነው ወደ ፈረሰኞቹ የተመለሰው። ዋዲ ደግላና ሊርስ ያን ጊዜ የአንድ ሰው፣ የማጌድ ሳሚ፣ ክለቦች ነበሩ። የካይሮ አጥቂ ቤልጂየም የሚደርስበት መንገድ እንዲህ ሲታይ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ገጹ ላይ ግን አርማ ነው የምታዩት። ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍንበት ቀን አንዷን ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ያ ቀን በቁጥር «1» ተብሎ ይገባል፣ በቃ።

ስለ ዋጋ ግምቱ ግልጽ ልናገር። እዚህ አገር የስፖርት ጋዜጠኛው ሁሉ «ዋጋው ይህን ያህል ዩሮ ነው» እያለ ያነበዋል። ክለብ የከፈለው ገንዘብ አይደለም። ተጠቃሚዎች ተከራክረው፣ ኃላፊዎቹ አመዛዝነው የሚያወጡት ግምት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይወርዳል፣ ጎል ማግባቱ ብዙም አያድነውም። ከ30 ዓመት ያለፈ አጥቂ ገጽ ላይ ያን መስመር ባታዩት ይሻላል። እኔ መጀመሪያ የዝውውር ታሪኩን፣ ቀጥሎ በየክለቡ የተጫወተበትን ደቂቃ ነው የማየው። ጎል ብቻ ያታልላል። 12 ጨዋታ ተሰልፎ 200 ደቂቃ የተጫወተ አጥቂ ተቀይሮ እየገባ ነው የከረመው፣ ከዚያ ላይ ጎል አነሰው ማለት ነውር ነው።

ለትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች መረጃው የሚገርም ነው። ለእኛ ሊግና ለድሮ ተጫዋቾች ይሳሳል። ጥሩው ነገር ተጠቃሚ ማስተካከያ መላክ ይችላል፤ ማስረጃ አያይዞ መላክ ነው። ከአገር ወጥቶ የተጫወተ አጥቂያችሁን ፈልጉና የጎደለው ካለ አሁኑኑ ላኩላቸው።