አምስት ወር በትራክተር የጎማ ሰንሰለት፦ መጀመሪያ የተሳሳትኩት፣ በኋላ ያገኘሁት

ትራክተሬ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ የማለብሰውን ሰንሰለት አውርጄ፣ አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ ከሰቀልኩት ገና ሳምንት አልሞላም። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለበት ቀን ጀምሮ መሬቱ በረዶውን እስኪለቅ ድረስ አምስት ወር ያህል ሠርቼበታለሁ። ከዚህኛው በፊት የተሳሳተውን ጥንድ ገዝቼ ስለነበር፣ ልገዛ ነው ለሚል ሰው የምነግረው ነገር አለኝ።

ትራክተሬ መካከለኛ ጉልበት ያለው ፎርዊል (አራቱም ጎማ በሞተር የሚገፋ) ነው፤ ከፊት ሎደር፣ ማለትም ዕቃ የሚዝቅና የሚያነሳ ባልዲ፣ ተገጥሞለታል። በበረዶ ወቅት ዋና ሥራው ሁለት ነው፦ ከጋጣው እስከ መንገዱ ያለውን ቁልቁለት መጥረግና ለከብቶቹ ድርቆሽ ማድረስ። ፎርዊል ስለሆነ ሰንሰለት አያስፈልገውም ብዬ ለዓመታት ቆይቻለሁ። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ ላይ እውነትም አያስፈልገውም። ቀን ቀልጦ ሌሊት የሚረጋው ግግር ላይ ግን አራቱም ጎማዎች እኩል ይንሸራተታሉ። ያለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ባልዲው ሙሉ ሆኖ ቁልቁለቱን ስወርድ ትራክተሩ ወደ ጎን ሄደብኝ፤ የቆመው ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ነው። ሰንሰለት ልግዛ ያልኩት የዚያን ቀን ነው።

የኋላ ጎማዬ 14.9-28 ነው። 14.9 የጎማው ስፋት በኢንች፣ 28 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው። ይህንን ለሻጩ ነገርኩት፤ ልኩን አመጣልኝ። የጎማው ጥርስ ምን ዓይነት እንደሆነ ግን እሱም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ዋናው ጥያቄ ያ ነበር።

ያ የመጀመሪያ ጥንድ የመሰላል ቅርጽ ነበረው፦ በግራና በቀኝ ረጃጅም የጎን ሰንሰለቶች፣ በመካከላቸው በየአራት ቀለበቱ የተጋደሙ አቋራጮች። ገጥሜው ዳገቱን ወጣሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ የኋላ ጎማዎቹ ይዞራሉ፣ ትራክተሩ ግን ቆሟል። ወርጄ ጓንቴን አውልቄ ጎማውን በእጄ ዳሰስኩት። አቋራጮቹ ከጥርሶቹ አናት ወርደው በጥርስና በጥርስ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተኝተዋል። በረዶውን የሚነካው ላስቲኩ ብቻ ነው፤ ብረቱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሜ ያለ ሰንሰለት እየነዳሁ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። የእርሻ ጎማ ጥርሱ ረጅም ነው፤ ወደ 45 ዲግሪ ያጋደለ፣ መካከሉ ሰፊ ክፍት። ጭቃ እንዲተፋ ነው እንደዚያ የተሠራው። የመሰላሉ ሰንሰለት ደግሞ መጀመሪያ የታሰበው ለመኪና ጎማ ነው፤ አሜሪካዊው ሃሪ ዊድ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1904 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በአየር የሚነፋ ጎማ ያለው ትራክተር ለገበያ የቀረበው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ መሰላሉን መጥፎ ነው አልለውም። ጥርሱ አጭርና ጥቅጥቅ ባለ የሣር ጎማ ላይ ጥሩ ይሠራል። ጥርሱ ሰፊ በሆነ የኢንዱስትሪ ጎማ ላይም አቋራጩ በየሁለት ቀለበቱ ከሆነ ያስኬዳል። በእርሻ ጎማ ላይ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው፣ አሁን የምገመግመው፣ የመረብ ቅርጽ ያለው ነው። አቋራጮቹ መሃል ላይ እርስ በርስ ስለተያያዙ ወደ ክፍተቱ ሊወርዱ አይችሉም፤ አንዱ ሊገባ ሲል ሌላው ከጥርሱ አናት ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ጥርሱ ያልሸፈነው ቦታ ላይም ሁልጊዜ ብረት አለ። ያንኑ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳልጨምር፣ ጎማው አንዴም ሳይንሸራተት ወጣሁት። በአምስቱ ወር ውስጥ ዳገቱ ላይ የቆምኩበት ቀን የለም። ወደ ጎን መንሸራተቱም ቀርቷል፤ የተያያዙት ሰያፍ መስመሮች ጎንንም ይይዛሉ፤ መሰላሉ ይህን አያደርግም።

በአቋራጮቹ ላይ የተበየዱ ሾጣጣ ብረቶች አሉት። ለግግር በረዶ እነዚህ የግድ ናቸው፤ ለስላሳ ክብ ቀለበት በደረቀ ግግር ላይ ራሱ ይንሸራተታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ወለሉ ነው። የጋጣዬ ሲሚንቶ ላይ አንድ ጊዜ መሪ አዙሬ ነጫጭ ጭረቶች ቀርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ድርቆሹን በር ላይ አውርጄ በእጅ ጋሪ ነው የማስገባው። ሥራው በአብዛኛው አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ የሆነ ሰው ባለ ሾጣጣውን ባይገዛ ይሻለዋል። በሕዝብ መንገድ የሚነዳም የአካባቢውን ደንብ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከፊት ወይስ ከኋላ? አንድ ጥንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ከኋላ ያድርገው፤ በዚህ አልጠራጠርም። ብዙ ትራክተሮች ፍሬናቸው ያለው የኋላ ጎማ ላይ ነው። ሎደሩ ሲሞላ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ የኋላው ይቀላል። ቁልቁለት ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ከኋላ የሚይዝ ነገር ከሌለ ትራክተሩ ጭራውን አዙሮ ይመጣል። ስወርድ ፎርዊሉን አስገብቼ ነው፤ ያኔ የፍሬኑ ኃይል በዘንጉ በኩል ወደ ፊትም ይደርሳል። ከኋላ ክብደት ማንጠልጠልም አልተውኩም፤ ሰንሰለት እሱን አይተካም።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ከመግዛቴ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ ሰፊ ነበር። ከውስጥ በኩል ግን የኋላውን እቃ የሚያነሱትንና የሚያወርዱትን የማንሻ ክንዶች ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን የኋላውን እቃ ዝቅ አድርጌ ስዞር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳየው የውስጡ የጎን ሰንሰለት የግራውን ክንድ ቀለም ልጦታል፤ ከሃይድሮሊክ ቱቦው የቀረው አንድ ጣት ነው። እቃው ግራና ቀኝ እንዳይወዛወዝ ማጥበቂያዎቹን አሳጥሬ ተገላገልኩ። ስለዚህ ሲለካ ክንዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሆኖ፣ ወደ ጎንም ተገፍቶ ይለካ። ሰንሰለት ጎማው ሲዞር ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ቆሞ ያለው ክፍተት ሲሄድ ያለው አይደለም። የፊት ጎማ ላይ ለሚገጥም መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ፣ አክሰሉም አንድ ወገን ተነስቶ ይታይ።

መግጠሙ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ሰንሰለት ብቻውን ስለሚከብድ እኔና ጎረቤቴ በእሱ ትራክተር ሎደር አንጠልጥለን ጎማው ላይ እናለብሰዋለን። የመንጠቆዎቹ አፍ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ወደ ጎማው ከዞረ ጎኑን ይበላዋል። ከገጠምኩ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ቀስ ብዬ ነድቼ እንደገና አጠብቃለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቀለበት ይተርፋል። የመጣው የላስቲክ ማጥበቂያ በብርዱ ደርቆ ሁለቱ ስለተበጠሱ በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) ተክቻቸዋለሁ፤ እነሱ እስካሁን አልከዱኝም። በጣም ማጥበቅም ጥሩ አይደለም። ሰንሰለቱ በጎማው ላይ ቀስ በቀስ ቦታ መቀየር አለበት፤ አንድ ቦታ ከተነከሰ ላስቲኩን እዚያው ይፈጨዋል።

ሳወርደው አንድ በአንድ አየሁት። የሾጣጣዎቹ ጠርዝ ትንሽ ደንዝዟል፤ ይበልጥ የተበሉት የቀኙ ናቸው፤ በሩ ላይ ሁሌም በአንድ ወገን ስለምዞር ይመስለኛል። የአቋራጮቹ ቀለበቶች ውፍረት ብዙም አልቀነሰም። ዝገቱ ላዩ ላይ ነው። ሁለት መንጠቆዎች ተከፍተው ስላገኘኋቸው አዲስ አዝዣለሁ፤ በሚቀጥለው ወቅት የግራውንና የቀኙን አቀያይሬ እገጥማቸዋለሁ።