«አልተከፈተም» ብሎ የተከፈተ ሞዴል ታንክ የሸጠልኝ ሱቅ፦ ተጠንቀቁ!

ወገኖች፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ የታንክ ሞዴል የምትሠሩ ሁሉ ይህን አንብቡና ለምታውቁት ሰው አስተላልፉ። ደሜ ገና አልበረደም። ቅዳሜ ከሰዓት 95 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ከፍዬ «አዲስ ነው፣ አልተከፈተም» የተባለ ሳጥን ገዛሁ። ውስጡ የሌላ ሰው ትራፊ ሆኖ ተገኘ። የከፈትኩት ቤት ወስጄ አይደለም። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ባንኮኒው ላይ፣ ሻጩ ዓይን ሥር ነው። ገንዘቤን ግን አልመለሰልኝም። ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ደግሞ የተናገረኝ ነገር ነው።

የሱቁን ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ዕድሜ ልኩን ሞዴል ሲያከማች የኖረ ሰው ይሞታል። ልጆቹ ምድር ቤት የተቆለለውን ሳጥን ምን እንደሚያደርጉት ስለማያውቁ በጅምላ ይሸጡታል። ሱቁ በርካሽ ይሰበስበውና አንድ በአንድ በውድ ይቸረችረዋል። ይህ በራሱ ነውር የለውም። እኔም ከገበያ የጠፉ ኪቶችን (ገና ያልተገጣጠሙ ሞዴሎችን) ያገኘሁት ከእንደዚህ ዓይነት ሱቆች ነው። ግን እንዲህ ካለ ስብስብ የመጣ ሳጥን ግማሹ ተጀምሮ የቀረ፣ ግማሹ የጎደለ ሊሆን ይችላል። ጨዋ ነጋዴ «ተከፍቷል፣ አልቆጠርኩትም» ብሎ ይለጥፍበትና ዋጋውን ይቀንሳል። ሌባው ፕላስቲክ ጠቅልሎ አዲስ ያደርገዋል።

ስፈልግ የከረምኩት ቲ-55 ነው። በእኛ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ታንክ በሥዕልም ቢሆን ያውቀዋል። የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ሠራዊታችን አሜሪካ ሠራሽ ኤም-41 እና ኤም-47 ታንኮች ነበሩት። ቲ-55 ከሶቪየት ኅብረት በገፍ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከየካቲት 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ጋር ስሙ አብሮ ይነሳል። የተቃጠሉትና የተጣሉት ትግራይና ኤርትራ ውስጥ መንገድ ዳር ዝገው ለዓመታት ቆመዋል።

አባቴ በዚህ ታንክ ውስጥ ጥይት አጉራሽ ነበር። ቲ-55 አራት ሰው ነው የሚይዘው። ሾፌሩ ከፊት በግራ በኩል፣ አነጣጣሪውና አዛዡ ከመድፉ በስተግራ ፊትና ኋላ፣ አጉራሹ ብቻውን በስተቀኝ። የ100 ሚሊሜትሩ መድፍ አንድ ጥይት 30 ኪሎ ይጠጋል። እሱን በዚያ ጠባብ ቦታ፣ ታንኩ እየተናጠ፣ በግራ እጅ ወደ መድፉ መግፋት ነው ሥራው። አባዬ ግራ ትከሻውን እስከ ዛሬ ያመዋል። «የት ነበር የምትቆመው? ጥይቱስ የት ነበር የሚደረደረው?» ስለው አየር ላይ በእጁ እየሳለ ያሳየኛል። ከዚያ ይተወዋል። አየር ላይ ምን ያህል ማሳየት ይቻላል?

ለዚህ ነው ውስጡ ጭምር የተሠራ ኪት የፈለግሁት። የኪየቩ የሞዴል ፋብሪካ ሚኒአርት በ1 ለ 35 መጠን (ከእውነተኛው 35 ጊዜ አሳንሶ) ያወጣው ቲ-55 አለ። ቁራጩ ከ1000 በላይ ነው። ሞተሩ፣ የጥይት መደርደሪያው፣ መቀመጫዎቹ ሳይቀሩ አሉበት። መድፉ ያለበትን የላይኛውን ማማ ሳልለጥፍ ትቼው፣ አባዬ አንስቶ ውስጡን እያየ «ይኸውና እዚህ ነበርኩ» እንዲለኝ ነበር ሐሳቤ። (ፋብሪካውን የምወቅሰው ነገር የለኝም። የእነሱን ሥራ የሠራ ያውቀዋል።)

ቀለሙን ሳስብ ነው የከረምኩት። የእኛ ሥራ ግማሹ መገጣጠም ከሆነ ግማሹ ማስረጀት ነው። መጀመሪያ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ የሚቀባ መነሻ ቅብ)፣ ከዚያ የዝገት ቀለም፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ፣ ከዚያ አረንጓዴው አክሪሊክ። ሲደርቅ በውሃ እያረጠቡ በብሩሽ ሲፈትጉት አረንጓዴው ይላጥና ከሥሩ ዝገቱ ብቅ ይላል። አጉራሹ የሚወጣበት ክዳን ጠርዝ ላይ ግን ዝገት አይሆንም። ቦት ጫማ ሲረግጠው የኖረ ብረት አይዝግም፣ ያብረቀርቃል። እሱን በመጻፊያ እርሳስ ዱቄት በጣት እያሹ ማውጣት ነው። አቧራው ደግሞ ከታች፣ ከጎማዎቹ ይጀምርና ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የአሉሚኒየም የመድፍ አፈሙዝ ለብቻው ገዝቼ አስቀምጫለሁ። የቀረኝ ኪቱ ነበር።

ሱቁ ገብቼ መደርደሪያው ላይ ሳየው ልቤ ዘለለ። ሳጥኑ ማዕዘኑ እንኳን አልታጠፈም። ዙሪያውን በስስ ፕላስቲክ ጥርቅም ብሎ ታሽጓል። ባንኮኒው ጋ ያለው ስድሳውን ያለፈ ሰውዬ ነው። አጠገቡ አንድ ወጣት ስልኩን ይነካካል።

«ከመክፈሌ በፊት ከፍቼ ልየው?» አልኩት።

«የታሸገ ነው። ከተከፈተ ዋጋው ይወድቃል። ካልገዛኸው ማን ይገዛዋል?»

«ውስጡ ሙሉ ለመሆኑ ዋስትና ትሰጠኛለህ?»

«ፋብሪካ ያሸገውን እኔ ምን ዋስትና እሰጥሃለሁ? አዲስ ነው።»

በካርድ 110፣ በጥሬ ገንዘብ 95 አለኝ። ይህችን ጨዋታም ታውቋታላችሁ። ሳጥኑን አንስቼ መዘንኩት፣ ከበድ ይላል። ነቀነቅሁት፣ እንደ ሙሉ ኪት ይንሿሿል። ከፈልኩ። ሰውዬው ብሩን ቆጠረ፣ መሳቢያው ውስጥ ከተተና ገፋ አድርጎ ዘጋው። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው በእጁ «1 ሞዴል» ብሎ ጻፈልኝ። የምን ሞዴል እንደሆነ አልጻፈም።

እኔም ከባንኮኒው ፈቀቅ አላልኩም። «እንግዲህ አሁን የእኔ ነው» ብዬ በቤቴ ቁልፍ ፕላስቲኩን ቀደድኩት።

ክዳኑን ሳነሳ መጀመሪያ ያየሁት የስቴፕለር ሽቦ ነው። እንዲህ ያለ የሞዴል ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ተጣብቆ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ይህ ግን አፉ ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ፣ በስቴፕለር ተመትቷል። ሽቦው ዝጓል። ከረጢቱን አወጣሁት። የታንኩ የታችኛው አካል ተገጣጥሞ ተለጥፏል። ሙጫው በጎኑ ፈስሶ፣ በፈሰሰበት ላይ አንድ ሰው አውራ ጣቱን አሳርፎበታል። አሻራው መስመር በመስመር ይታያል። ፕላስቲኩ ለስልሶ የደረቀ ስለሆነ በአሸዋ ወረቀትም አይወጣም።

ሁለተኛው ከረጢት ውስጥ ሰንሰለቱ ነበር። ይህ ኪት ሰንሰለቱ አንድ በአንድ የሚገጠም ነው። ሁላችንም የምናማርረው፣ ሁላችንም የምንወደው ሥራ። እኔ ያገኘሁት ግን ከአሮጌ ኪት የወጣ፣ ከላስቲክ የተሠራ ጥቅልል ነው። ያ ዓይነት ላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ ለዓመታት ሲቀመጥ ፕላስቲኩን እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ሥሩ የነበረውን የማማ ክዳን በልቶት ክዳኑ ቀልጦ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። የአጉራሹ ክዳን ነው። አላቅቀዋለሁ ብዬ ስስበው አብሮ እንደ ማስቲካ ተሳበ።

ሦስተኛውን ስከፍት እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። የቀሩት ቁራጮች ፈዛዛ ግራጫ ናቸው። ይህ ግን ቢጫማ ነው። አወጣሁት። ጎማ ነው፣ ብዙ ጎማ። ዙሪያውን በብሎን የተከበበ ትልልቅ ዝርግ ጎማ። ገለበጥኩት። የጀርመኑ ፓንተር ጎማ ነው! እርስ በርስ ተደራርቦ የሚገባው፣ ሞዴል የጀመረ ልጅ እንኳን የማይስተው የፓንተር ጎማ። ቲ-55 በአንድ ጎን አምስት ጎማ ነው ያለው፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ያንን እየፈለግሁ እጄ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንክ ጎማ ያዝኩ። በስህተት የገባ አይደለም። ሳጥኑ ሲነሳ እንዲከብድ፣ ሲነቀነቅ እንዲንሿሿ ነው የተከተተው።

ሞተር የለም። የጥይት መደርደሪያ የለም። መቀመጫ የለም። ስስ የነሐስ ክፍሎቹ የሉም። ትክክለኛው ነገር መመሪያው መጽሐፍ ብቻ ነው። እሱም ገጾቹ ላይ ያለቁት ክፍሎች በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ፓንተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይህ ቲ-55 ነው?» አልኩት።

አላየውም። ዓይኑን እንኳን አላወረደም። ከኋላው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአውራ ጣቱ አመለከተኝ፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

«አሁን ከፊትህ ነው የከፈትኩት! በር እንኳን አልረገጥኩም!»

ይኼኔ ነው ያለው። ቃል በቃል ነው የምጽፍላችሁ። «ከከፈትከው በኋላ አንተ ምን እንደከተትክበት በምን አውቃለሁ?»

እጄ ባዶ ነው። ቦርሳ አልያዝኩም። ጃኬቴን አውልቄ ወንበር ላይ ጥያለሁ። ከገባሁ ጀምሮ ከዓይኑ አልተሰወርኩም። የፓንተር ጎማ ከየት አምጥቼ ልክተት? ሌባው ሌባ ሲለኝ ቆሜ ሰማሁት። ወጣቱን ዞሬ አየሁት። አንድ ቃል እንዲተነፍስልኝ ፈልጌ ነበር። ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ሰውዬው በዚህ አላበቃም። «ለማን ነው የምትሠራው?» አለኝ። ለአባቴ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታንከኛ ነበር አልኩት። ምናልባት ሰው ይሆናል ብዬ ነው የነገርኩት። ፈገግ አለ። «ታዲያ ምን ቸገረህ? የአፍሪካ ታንክ ሁሉ ተሰባብሮ አይደል ያለው? የጎደለውን ተወው፣ የተቃጠለ አስመስለህ ሥራው» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት ውስጤ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። አባቴ የታገለበትን ታንክ፣ ጓደኞቹ ተቃጥለው የቀሩበትን ታንክ፣ አንድ አጭበርባሪ ለማሾፊያ አደረገው። ያንን የሞዴል ኪት የነካካ ሰው መንገድ ዳር የቆመው ዝገት ውስጥ ሰው እንደነበረ ያውቃል። እሱም ያውቃል። ሱቁ ሙሉ ታንክ ነው። ግድ ስለሌለው ነው እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስንጨቃጨቅ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የስስ ፕላስቲክ ጥቅልልና ሙቀት የሚነፋ ማሽን አየሁ። አጠገቡ ሌላ ሳጥን፣ ግማሹ ተጠቅልሎ። ማየቴን ወጣቱ አየኝና ሄዶ በሩን ዘጋው። ፋብሪካ አሽጎት ነው አሉ!

ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ። ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ፦ ስቴፕለሩን፣ አሻራውን፣ ፓንተሩን፣ ደረሰኙን። ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ክፍል አቤቱታ አስገብቻለሁ። ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ባንኬ ምንም ሊያደርግልኝ አልቻለም። በካርድ ሲሆን 15 ዶላር የሚጨምረው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ነው።

እናንተ በካርድ ክፈሉ። ከመክፈላችሁ በፊት አላስከፍትም ካለ ጥላችሁ ውጡ። ከከፈታችሁ ከረጢቱን አፉን እዩ፣ ከዚያ መመሪያው ላይ የተሳሉትን የክፍል ፊደሎች አንድ በአንድ ከሳጥኑ ጋር አመሳክሩ። ደረሰኝ ላይ የኪቱ ስምና ቁጥር ይጻፍ።

ከእናንተ መካከል ከቲ-55 ኪት የተረፈ የሞተር ወይም የጥይት መደርደሪያ ክፍል ያለው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዋጋውን ከፍዬ እወስዳለሁ። የአጉራሹ ክዳን ያለበት የማማ ክፍል ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ነው የምፈልገው። በምትኩ የፓንተር ጎማ የሚፈልግ ካለ፣ ሙሉው እኔ ጋ አለ፣ በነፃ ይውሰድ።