የ2000ዎቹ ሎሊታ ቀሚስ ከስምንት ወር በኋላ

ሎሊታ በዳንቴልና በተነፋ ጉርድ የሚታወቅ የጃፓን የአለባበስ ስልት ነው። ቀሚሱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ የተሰፋ ጥቁር የጥጥ ጃምፐር ስከርት (ከሸሚዝ በላይ የሚለበስ እጅጌ የሌለው ቀሚስ) ነው። የተገዛው በቶኪዮ ሀራጁኩ ሰፈር ካለ ልባሽ ሱቅ፣ በገዢ ወኪል (ጃፓን ሆኖ ለሌላ ሰው በሚገዛ) በኩል ነው። ከስምንት ወር በኋላ ጨርቁም ስፌቱም ጠንካራ ነው። ያስቸገረው የጀርባው ላስቲክ ነው።

ገዢ ሁሉ ዳንቴሉን አይቶ ይወስናል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ጀርባው ላይ በላስቲክ የተሰበሰበው ሽንሽን ነው። የቆየ ጎማ ይደርቃል። በፎቶ ደህና ይመስላል፤ ሲለጠጥ ግን ቅርሽ ቅርሽ ይላል፣ ተለጥጦም አይመለስም። ስለዚህ ሻጩን ሽንሽኑ ሳይለጠጥና ተለጥጦ የቀሚሱ ልክ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የጃፓን ሻጮች ብዙ ጊዜ ልብሱን ዘርግተው የአንድ ጎኑን ስፋት ብቻ ነው የሚጽፉት፤ ደረት 42 ካለ ዙሪያው 84 ሳንቲ ሜትር ነው።

ላስቲኩ በቦይ (በሁለት ስፌት መካከል ባለ መተላለፊያ) ውስጥ የገባ ከሆነ መቀየሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የቦዩን ሁለት ጫፍ ፍቱ፣ አዲሱን ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ ከአሮጌው ጋር አያይዙና ጎትቱ። አሮጌው ዱቄት ሆኖ ከተበጠሰ መርፌ ቁልፉን ብቻውን እየገፉ ማሳለፍ ነው። አንዱን ቦይ ጨርሶ ወደ ሌላው እንጂ ሁሉንም ባንዴ አትፍቱ፤ ሽንሽኑ ልኩን ያጣል። ላስቲኩ ራሱ ከጨርቁ ጋር ተሰፍቶ ከሆነ ግን ለልብስ ሰፊ ስጡት።

እጥበቱ ላይ ጥቁሩ ቀለም ሊለቅ፣ ክሬም ዳንቴሉም ሊጠጣው ይችላል። ርጥብ ነጭ ጨርቅ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ተጭናችሁ ሞክሩ። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ቶሎ አጥባችሁ በፎጣ ጠቅልሉና ውሃውን አውጡ፤ ከዚያ ዘርግታችሁ አድርቁ። ርጥቡን አጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት ግን ዳንቴሉ አለቀለት። በረኪና እንዳታስቡ።

አለባበሱ ላይ ትልቁ ስህተት ነጭ ሸሚዝ ነው፦ ደማቅ ነጭ ከክሬም ዳንቴል ጎን ሲሆን ዳንቴሉን የወየበ ያስመስለዋል። ክሬም የጥጥ ሸሚዝ፣ ክብ ኮሌታ። ቀሚሱን የሚነፋው የውስጥ ጉርድ ከቀሚሱ ጉርድ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠር፤ በጣም ከተነፋ የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይሰቀላል። ለዚህ ዘመን ቀሚስ አገጭ ሥር የሚታሰር አራት ማዕዘን የራስ ጌጥ ከትልቅ ሪባን ይሻላል።

ቀሚሱ ከባድ ስለሆነ በትከሻው አትስቀሉት፤ ማንገቻው ይረዝማል። የውስጥ ጉርዱን ግን በወገቡ ሳይሆን ገልብጣችሁ ስቀሉት፤ ቱሉ (መረብ መሰሉ ስስ ጨርቅ) አይተኛም።