ጅማሬ ያለው ዓለም ወይስ ዘላለማዊ?

መብራት በጠፋ ሌሊት ከጎንደር ቀና ብሎ ለሚያይ፣ በከዋክብቱ መካከል ያለው ጨለማ ራሱ ማስረጃ ነው። ዩኒቨርስ ወሰን የለሽ፣ ዘላለማዊና የማይለጠጥ ቢሆን ኖሮ ዓይን በዞረበት ሁሉ ኮከብ ላይ ባረፈ፣ ሌሊቱም እንደ ቀን ባበራ ነበር።

የጎንደር የትርጓሜ መምህራን ፍጥረት «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ»፣ ካለመኖር ወደ መኖር መጣ ይላሉ። አርስቶትል ግን ዓለም መጀመሪያ የለውም ባይ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. የሥነ ፈለክና የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሆይል፣ ቦንዲና ጎልድ ይህንኑ በአዲስ መልክ አመጡት፦ ዩኒቨርስ ይለጠጣል፤ ነገር ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ በቢሊዮን ዓመት አንድ የሃይድሮጅን አተም ያህል ስለሚፈጠር እፍጋቱ አይቀንስም። የሌሊቱን ጨለማ ያብራራል፤ ብልህ አሳብ ነው። የወደቀው ሌላ ቦታ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. ይፋ ለሆነው፣ ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ ለሚመጣው የ2.7 ኬልቪን ጨረር አጥጋቢ ምክንያት አጣ። ዩኒቨርስ እጅግ ከታመቀና ከጋለ ሁኔታ ተነሥቶ ተለጠጠ ለሚለው ለታላቁ ፍንዳታ (ቢግ ባንግ) ግን ጨረሩ የጥንቱ ግለት ቅሪት ነው።

ያም ሆኖ የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ስለተባለ «ካለመኖር» ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ የሚያደርሰው እጅግ እስከ ታመቀና እስከ ጋለ ሁኔታ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀመሩ ይከሽፋል። «ከዚያ በፊትስ?» የሚለው ጥያቄም ጊዜ ራሱ ያኔ ከጀመረ ትርጉም ያጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስም ጊዜ ከፍጥረት ጋር ተፈጠረ ብሎ ነበር።